ከ140 ርዕስ ወደ 12 ግምገማ፦ የአንድ ሩብ ዓመት አዳዲስ የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለዶች የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ዝርዝር መሰብሰብ

ሥራው ይህ ነው፦ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡ የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለዶችን መዘርዘር፣ ማበጠር፣ ከዚያም 12ቱን አንብቦ በአማርኛ መገምገም። አንባቢው ሦስት ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ በሳምንት 10 ሰዓት ንባብ ተመድቧል፤ ጊዜው 12 ሳምንት።

ዝርዝሩ ከአራት ምንጭ ተሰበሰበ። ከ1968 ጀምሮ የሚታተመው ሎከስ መጽሔት ሊወጡ ያሉ መጻሕፍትን በወራቸው ይዘረዝራል። አሳታሚዎች በየወቅቱ የሚያወጡት ካታሎግ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ኔትጋሊን የመሰለ፣ ከኅትመት በፊት የሚሰጥ ቅጂ የሚጠየቅበት አገልግሎት ነው። አራተኛው በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ደራሲያን የሚወዳደሩበት ኤስፒኤፍቢኦ ነው። ይህ ውድድር በ2015 ተጀመረ፤ 300 መጽሐፍ ለ10 የገምጋሚ ቡድን ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ቡድን ከደረሱት 30 መጻሕፍት አንዱን ለፍጻሜ ያሳልፋል። ትልልቅ አሳታሚዎች ጋ ያልደረሰ ጥሩ ፋንታሲ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ በር አላየንም።

በካታሎግ ውስጥ ፍለጋውን የሚያፋጥነው የዘውግ ኮዱ ነው። በኤፍአይሲ009 የሚጀምረው ፋንታሲ፣ በኤፍአይሲ028 የሚጀምረው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ኮዱን የሚሰጠው ግን አሳታሚው ራሱ ነው፤ «ሥነ ጽሑፋዊ ልብ ወለድ» ተብሎ እንዲሸጥ የተፈለገ የሳይንስ ልብ ወለድ በኤፍአይሲ028 ሥር አይገኝም። ስለዚህ በጠቅላላ ልብ ወለድ ሥር ያሉትንም የጀርባ ጽሑፋቸውን እያነበቡ ማለፍ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ በዝርዝሩ ከገቡት መካከል አራቱ የተገኙት ግን እንዲህ ነው።

የሰንጠረዡ ዓምዶች፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ የሚወጣበት ቀን፣ አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር)፣ ራሱን የቻለ ወይስ የተከታታይ ስንተኛ ክፍል፣ የቃላት ብዛት፣ ከየት እንደተገኘ። የመጨረሻው ዓምድ ትርፍ ይመስላል፤ አይደለም። በሥራው መጨረሻ ከየትኛው ምንጭ የመጣው መጽሐፍ ወንፊቱን እንዳለፈ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ቀኑን በተመለከተ፣ የአሜሪካ አሳታሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ፣ የብሪታንያዎቹ ሐሙስ ስለሚያወጡ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቀን ሲገጥመን ሁለቱንም ጽፈን የቀደመውን ወስደናል። ሁሉም ቀን በእ.ኤ.አ. ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ 140 ርዕስ።

ሳምንት 2፦ «አዲስ» የሚለውን ቃል ማጣራት

ከጠበቅነው በላይ ሥራ የጠየቀው ይህ ሳምንት ነው። ሽፋኑ አዲስ፣ ማስታወቂያው አዲስ፣ አይኤስቢኤኑ አዲስ፣ መጽሐፉ ግን የድሮ ሊሆን ይችላል። ለድምፅና ለስስ ሽፋን ቅጂ አይኤስቢኤን ለየብቻ ስለሚሰጥ ቁጥሩ ስለ ድርሰቱ ዕድሜ ምንም አይነግርም።

መጀመሪያ የተሞከረው የቅጂ መብት ገጹን ማየት ነበር። በግርጌው «10 9 8 7 6 5 4 3 2 1» የሚል የቁጥር ረድፍ ሲኖር በረድፉ የቀረው ትንሹ ቁጥር ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ያሳያል። ይህ ብቻውን አሳሳተን፤ አንድ የቆየ መጽሐፍ ወደ አዲስ አሳታሚ ሲዛወር ረድፉ እንደገና ከ1 ይጀምራልና። መታየት ያለበት ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው «ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው» የሚለው መስመርና ከቅጂ መብቱ ምልክት አጠገብ ያለው ዓመት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ በኢንተርኔት ስፔኩሌቲቭ ፊክሽን ዳታቤዝ ይፈተሻል። ይህ የመረጃ ቋት በ1995 የተጀመረ ሲሆን የአንድን ድርሰት ልዩ ልዩ እትሞችና ልዩ ልዩ ርዕሶች በአንድ መዝገብ ሥር ያሰባስባል። በአሜሪካ በአንድ ርዕስ፣ በብሪታንያ በሌላ የወጣ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ የተያዘው በዚህ ነው።

የወደቁት፦ የድሮ ድርሰት በአዲስ ልብስ 17፣ ተደጋግመው የገቡ 11፣ የተከታታይ ሁለተኛና ከዚያ በላይ የሆኑ ክፍሎች 38፣ ለልጆች የተጻፉና ርዝመታቸው ለልብ ወለድ ያልበቃ 13። ለርዝመቱ የተጠቀምነው የሁጎ ሽልማትን መለኪያ ነው፦ ከ40,000 ቃል በላይ ልብ ወለድ፣ ከ17,500 እስከ 40,000 ኖቬላ። በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ለብቻው የሚሸጥ ኖቬላ ብዙ ስለሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

የገጽ ብዛትም አይረዳም። 400 ገጽ በገጽ 260 ቃል ሲሰላ 104,000 ነው፤ ፊደሉ ጠበብ ተደርጎ በገጽ 400 ቃል ሲያዝ 160,000 ይሆናል። የተሻለው ግምት የሚገኘው ከድምፅ ቅጂው ነው፤ አንድ ሰዓት ትረካ በግምት 9,300 ቃል ይይዛል። የ16 ሰዓት ትረካ ወደ 149,000 ቃል ማለት ነው። ፋይሉ በእጅ ሲገባ ካሊበር የተባለው ነጻ ፕሮግራም በተጨማሪ ቅጥያው ትክክለኛውን ይቆጥራል።

የቀሩት 61።

ስለ ሽልማቶች ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ለምን ከእጩዎች ዝርዝር አንጀምርም? ምክንያቱ ጊዜው ነው። ሽልማት ያለፈውን ዓመት ይመዝናል፤ አዲስ መጽሐፍ ለሚፈልግ ዘግይቶ ይደርሳል። ዳኛው ማን እንደሆነ ማወቅ ግን የራስን ወንፊት ለማረም ይጠቅማል። ሁጎ (ከ1953) በዓለም አቀፉ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ አባላት ድምፅ ይሰጣል፤ ኔቡላ (ለመጀመሪያ ጊዜ በ1966 የተሰጠ) በሳይንስ ልብ ወለድና ፋንታሲ ደራሲያን ማኅበር አባላት፤ የዓለም ፋንታሲ ሽልማት (ከ1975) እና የአርተር ሲ. ክላርክ ሽልማት (ከ1987) በዳኞች ጉባኤ። የፊሊፕ ኬ. ዲክ ሽልማት በአሜሪካ መጀመሪያውኑ በስስ ሽፋን ለወጡ ብቻ ነው፤ ሌሎች ችላ የሚሏቸውን ያያል። ኖሞ (ከ2017) ለአፍሪካውያን ደራሲያን ነው። ትርጉም ሥራ የሁጎን የልብ ወለድ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ2015 እንደሆነ ስናስታውስ ደግሞ በድምፅ ብቻ የሚመራ ዝርዝር ስንቱን ቋንቋ ለስንት ዘመን እንዳላየ ይገባናል። በዚህ ምክንያት ከ61ዱ ውስጥ ያሉት አምስት ትርጉሞች በናሙናው ሳምንት ለሁለት አንባቢ እንዲሰጡ ወሰንን።

ሳምንት 3፦ ናሙና

ዕቅዱ የእያንዳንዱን 10 በመቶ ማንበብ ነበር፤ ሻጮች በነጻ የሚሰጡት ናሙና አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህላል። ሒሳቡ አልወጣም። 61 መጽሐፍ በአማካይ 10,000 ቃል 610,000 ቃል ነው። ማስታወሻ እየያዙ በደቂቃ 180 ቃል ሲነበብ 56 ሰዓት ይፈጃል፤ ያለን 30 ነው። ወደ 4,000 ቃል አወረድነው፤ 244,000 ቃል፣ ወደ 23 ሰዓት። የተረፈው ለትርጉሞቹ ሁለተኛ ንባብና ለውይይት ዋለ።

በ4,000 ቃል ውስጥ የሚፈለገው «ደስ አለኝ» አይደለም። ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዓለሙ የሚነገረን በድርጊት ነው ወይስ በገለጻ ክምር? የሥርወ መንግሥት ታሪክ በሦስት ገጽ ተዘክዝኮ ገጸ ባሕርይው ገና ከወንበሩ ካልተነሣ ምልክት ይደረግበታል። ሁለተኛ፣ ምልልሱ። ሁለት ሰዎች ሁለቱም አስቀድመው የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ የሚያስረዱ ከሆነ የሚያስረዱት ለአንባቢ ነው፤ ይህ ጉድለት በመጀመሪያው ምዕራፍ ከታየ በሃያኛውም አይጠፋም። ሦስተኛ፣ የፈጠራ ቃላት ብዛት። በመጀመሪያው ገጽ ከስድስት በላይ ያልተፈታ ቃል ያላቸው ሰባት መጻሕፍት ነበሩ። አምስቱ ወደቁ፤ ሁለቱ ግን ቃሉን በአገባቡ ብቻ እያስተማሩ ስለሄዱ አለፉ። ቁጥሩ ማንቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም።

በራሳቸው የታተሙትን በተመለከተ፣ በማሽን የተመረተ ጽሑፍ መብዛቱ ማጣራቱን አክብዶታል። በየካቲት 2023 ክላርክስወርልድ መጽሔት በዚህ ጎርፍ ምክንያት የጽሑፍ መቀበያውን ለጊዜው ዘግቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት አማዞንም አንድ አሳታሚ በቀን የሚጭነውን አዲስ ርዕስ በሦስት ገደበ። እኛ የምናየው ዝርዝርነትን ነው፦ አንቀጹ ሁሉ በስሜት መግለጫ ተዘግቶ አንድም የሚዳሰስ ዕቃ፣ አንድም ያልተጠበቀ ድርጊት ከሌለበት ይወድቃል፤ ሰው ጻፈው ማሽን፣ ውጤቱ አንድ ነው።

14 አለፉ፤ ከዚህ በኋላ መጽሐፍ 1 እስከ መጽሐፍ 14 ብለን እንጠራቸዋለን። ከትርጉሞቹ ሦስቱ በውስጡ ናቸው።

ሳምንት 4 እና 5፦ ማስታወሻ አያያዙ ተቀየረ

ንባብ ተጀመረ። አንድ 108,000 ቃል ያለው መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት ልክ 10 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ለአንድ ሰው። ስድስት ሳምንት በሦስት አንባቢ 18 ንባብ፦ ለ14ቱ አንድ አንድ፣ ለአከራካሪዎቹ አራት ሁለተኛ ንባብ።

የተጠቀምንበት የማስታወሻ ቅጽ 11 ዓምድ ነበረው፤ መቼት፣ ሴራ፣ አንጻር፣ ጭብጥ እያለ የሚሄድ። በሁለተኛው ቀን ተበላሸ። አንባቢው ቅጹን ለመሙላት ማንበብ ይጀምራል፤ ዓምዱ ባዶ እንዳይቀር ብሎ የሚጽፈው ነገር ኋላ ግምገማ ላይ አይጠቅምም። ሦስት ምልክት ብቻ ቀረ፦

ቃ (ቃል)፦ መጽሐፉ ለአንባቢ የገባው ቃል። የጠፋ ወንድም፣ የተዘጋ በር፣ «ከዚያ ወንዝ ማዶ ማንም አልተመለሰም» የሚል ዓረፍተ ነገር።

ሕ (ሕግ)፦ ዓለሙ የሚተዳደርበት ደንብ፤ አስማቱ ምን ያስከፍላል፣ መርከቡ ስንት ቀን ይጓዛል፣ ሙታን ይነሣሉ ወይ።

ክ (ክፍያ)፦ ቃሉ የተፈጸመበት ወይም ሕጉ የተሠራበት፣ አለዚያም የተጣሰበት ቦታ።

ከእያንዳንዱ ምልክት ጋር የምዕራፍ ቁጥርና በመቶኛ ያለበት ቦታ ይጻፋል። የገጽ ቁጥር አይጻፍም፤ የቅድመ ኅትመት ቅጂና የመጨረሻው ቅጂ ገጻቸው አይገጥምም።

ለምን ይህን ያህል ትኩረት እንሰጠዋለን? ግምገማው የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ነው። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ አእምሮ የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው፤ ጡዘቱ ካማረ መሀሉ ሁሉ ያማረ ይመስላል። በንባቡ ሰዓት የተደረገ ምልክት ግን አይለወጥም። የመጽሐፍ 5ን ማስታወሻ እንመልከት። ፋንታሲ ነው፤ ፈዋሾች በፈወሱ ቁጥር ከትዝታቸው አንዱን ያጣሉ።

«ሕ፣ ምዕ. 6፣ 14%፦ ለእያንዳንዱ ፈውስ አንድ ትዝታ። የትኛው እንደሚሄድ መምረጥ አይቻልም።
ቃ፣ ምዕ. 9፣ 23%፦ የእናቷን ድምፅ እንዳታጣ ትፈራለች።
ክ?፣ ምዕ. 19፣ 52%፦ ሦስት ሰው ፈወሰች፤ ምንም አላጣችም። ስሕተት ወይስ ንግር (ቅድመ ጥቆማ)?
ክ፣ ምዕ. 31፣ 84%፦ የጠፋው የአንባቢው ነው፤ በምዕ. 4 የተነገረን ትዕይንት እንዳልነበረ ሆኖ ተተረከ።»

ግማሹ ላይ ቆመን ብንጽፍ «ደራሲው የራሱን ሕግ ረሳ» እንል ነበር። ያ የጥያቄ ምልክት ነው ያዳነን። ከዚህ በኋላ በ«ክ» አጠገብ የሚቀመጥ ጥያቄ መጽሐፉ ሳያልቅ እንዳይሰረዝ ደንብ ሆነ። በተቃራኒው በመጽሐፍ 12 ከተደረጉ 9 የ«ቃ» ምልክቶች አራቱ እስከ መጨረሻው «ክ» አላገኙም፤ ሁለተኛ ክፍል እንደሚመጣ ደግሞ በሽፋኑ የትም አልተጻፈም። በግምገማው የመጀመሪያ አንቀጽ መግባት ያለበት ይህ ነው፤ አንባቢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በልብ ሰቀላ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ይወቅ።

ሳምንት 6፦ ቁጥሮቹን መፈተሽ

የሳይንስ ልብ ወለድ ላይ ሒሳብ መሥራት ደራሲን ለማሳጣት አይደለም። ጥያቄው ሴራው በዚያ ቁጥር ላይ ቆሟል ወይ የሚል ነው።

መጽሐፍ 9 በጠፈር የሚሽከረከር ጣቢያ አለው፤ ራዲየሱ 10 ሜትር፣ ነዋሪዎቹ እንደ ምድር ሙሉ ክብደት ይሰማቸዋል። ለዚያ ጣቢያው በደቂቃ ወደ 9.5 ጊዜ መዞር አለበት። 1.8 ሜትር የሚረዝም ሰው ቆሞ እግሩ ላይ ሙሉ ክብደት ሲኖር ራሱ ላይ የሚኖረው 82 በመቶው ነው፤ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ያጥወለውለዋል፤ የወረወረው ኳስ ጠምዝዞ ይሄዳል። በደቂቃ 2 ጊዜ ብቻ በሚዞር ጣቢያ ተመሳሳይ ክብደት ለማግኘት ራዲየሱ ወደ 224 ሜትር መሆን ነበረበት። ደራሲዋ ይህን አልሳተችም። በ18% ላይ አዲስ መጤዎች ግድግዳ ተደግፈው የሚሄዱበት፣ ነባሮቹ ኳስ በጎን የሚወረውሩበት ትዕይንት አለ። ሒሳቡን ያልሠራ ገምጋሚ ያንን እንደ ጌጥ ያልፈዋል። በግምገማው ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶታል፤ ቀመር ግን አልገባም።

መጽሐፍ 2 በአንጻሩ ማርስ ላይ ያለች ሐኪምና ምድር ላይ ያለ ባልደረባዋ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ያሳያል። መልእክት ከማርስ ምድር ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል፤ መልሱ ሌላ ያን ያህል። ታሪኩ የሚዞረው «በሰዓቱ ባለመድረሱ» በሞተ ሕመምተኛ ዙሪያ ስለሆነ ይህ ጥቃቅን ስሕተት አይደለም፤ መሠረቱን ነው የሚነካው። ስለዚህ ተጻፈ።

ፋንታሲም ከዚህ አያመልጥም። መጽሐፍ 7 ላይ 10,000 ወታደር በረሃ አቋርጦ 40 ቀን ይጓዛል። ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ እህል ቢያዝ በቀን 100 ኩንታል፣ በጠቅላላው 4,000 ኩንታል ነው። አንድ የጭነት በቅሎ 100 ኪሎ ገደማ ቢሸከም 4,000 በቅሎ ያስፈልጋል፤ በቅሎውም ይበላል፣ ይጠጣል። መጽሐፉ ስለ ስንቅ አንድም ቃል የለውም፤ ግን ደግሞ ታሪኩ እንደ ተረት የሚተረክ፣ ቁጥሩም «አሥር ሺህ» ማለት «ብዙ» ማለት የሆነበት ነው። አልተጠቀሰበትም። ጦርነቱን በካርታና በቀን ቆጠራ የሚተርክ መጽሐፍ ቢሆን ይጠቀስ ነበር። መጽሐፍ የሚለካው ራሱ በመረጠው ሚዛን ነው።

ሳምንት 7 እና 8፦ የተበላሹ ነገሮች

አንድ፦ ከቅድመ ኅትመት ቅጂ የተወሰደ ጥቅስ። የመጽሐፍ 4 ግምገማ ንድፍ በአንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ይጀምር ነበር። የታተመው ቅጂ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ የለም፤ በአርትዖት ወጥቷል። «ያልታረመ ቅጂ» የሚለው የሽፋን ማሳሰቢያ ለይምሰል የተጻፈ አይደለም። ከአሁን ወዲያ ጥቅስ ከታተመው ቅጂ ጋር ሳይመሳከር አይወጣም፤ ካልደረሰ ያለ ጥቅስ ይጻፋል።

ሁለት፦ የጊዜ ገደብ ያለው ፋይል ጊዜው ሲያልፍ በውስጡ ያሰመርንበትን ሁሉ ይዞ ጠፋ። ማስታወሻ በየምሽቱ ወደ ውጭ ፋይል ይገለበጣል።

ሦስት፦ ነጥቡ። አምስት መስፈርት ከ10 እየተሰጠ አማካዩ ሲወጣ ከተነበቡት 10 መጻሕፍት ሰባቱ ከ6.8 እስከ 7.4 ተከማቹ። ዓለሙ 9፣ ምልልሱ 5 የሆነና ሁሉ ነገሩ 7 የሆነ መጽሐፍ እኩል ወጡ፤ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት የሚወድ አንባቢ ግን አንድ ሰው አይደለም። አማካዩ ተሰረዘ። በምትኩ በመጨረሻው አንቀጽ «ይህን መጽሐፍ ማን ይውደደው፣ ማን ይተወው» የሚለው በግልጽ ይጻፋል።

ሳምንት 9፦ በአማርኛ ሲጻፍ የሚመጣ ችግር

መጽሐፍ 3 ብቻውን ሁለት ቀን ወሰደ። በመጽሐፉ የመርከብ አዛዥ ጾታ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አይገለጽም፤ ታሪኩ በአንደኛ መደብ የሚተረክ ሲሆን ምስጢሩ ሲገለጥ ከኋላ የተነበበው ሁሉ ትርጉሙ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ ይህን ጠብቆ መገምገም ቀላል ነው። በአማርኛ አንድ ግስ ምስጢሩን ያፈርሳል። «አዛዡ መርከቧን መለሰ» ስንል ሁለት ጊዜ አጋልጠናል፤ በ«አዛዡ» ላይ ባለው «ኡ» እና በግሱ።

አንቱታ መፍትሔ መስሎ ነበር፤ «መለሱ» ጾታ የለውምና። ነገር ግን ገጸ ባሕርይው የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ በአንቱታ ሲጻፍ የተከበረ አዛውንት ሆኖ ይታያል። የሠሩት ሦስት መንገዶች እነዚህ ናቸው። ድርጊቱን በስም መግለጽ፦ «መርከቧን ወደ ኋላ መመለስ የኢሬን ውሳኔ ነበር» (ስሙን እዚህ ኢሬን እንበለው)። ግሱን ለሌላ ነገር መስጠት፦ «ከኢሬን በወጣ ትእዛዝ መርከቧ ተመለሰች»። ሦስተኛውና ምርጡ ከትረካው መጥቀስ ነው፤ በአንደኛ መደብ «መለስኩ» ጾታ አይለይም። ጥቅሱ ሲመረጥ ግን ሌላ ሰው ተራኪውን የሚያነጋግርበት ቦታ አይወሰድም፤ «ና» እና «ነይ» መካከል መምረጥ ይመጣልና። ይህን የመሰለ መጽሐፍ ንድፍ ሲያልቅ ሌላ ሰው ግሱን ብቻ እየለየ ያነበዋል። በመጀመሪያው ንድፍ 6 ቦታ ተይዟል፤ አንዱ «ጎበዙ ኢሬን» የሚል ነበር። በዚህ ማስታወሻም ከላይ «የተከበረ አዛውንት ሆኖ ይታያል» ብለን አምልጦናል፤ «የተከበሩ አዛውንት መልክ ይሰጣል» ሊባል ይገባ ነበር።

የፈጠራ ስሞች ፊደል። አንድ ሰንጠረዥ ለሁሉም፤ ድምፁ ከድምፅ ቅጂው ወይም ደራሲው ከሰጠው መመሪያ ይወሰዳል። ከሞክሼ ፊደላት ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ፤ አለዚያ አንድ ስም በሁለት አጻጻፍ ገብቶ ሲፈለግ ይጠፋል። ሳድስ ላይ ጥንቃቄ፦ በመጽሐፍ 11 የአንዱ ተዋጊ ስም በድምፁ ሲጻፍ «ክርን» ሆነ፤ «ክርን ተነሣና ሰይፉን መዘዘ» ሲነበብ የእጅ መታጠፊያ ነው። «ኪርን» ተብሎ ተወሰነ። ጥብቀት (ፊደሉ ጠብቆ መነበቡ) በፊደላችን ስለማይታይ ስማቸው በጥብቀት ብቻ የሚለያይ ሁለት እኅትማማቾች በመጽሐፍ 6 አንድ ስም ሆኑ፤ «ታላቋ» እና «ታናሿ» እየተባሉ ተለዩ።

«አስማት» የሚለውን ቃል ለሁሉ መጠቀምም ስንፍና ነው። አስማት ከግዕዙ «ስሞች» የመጣ ነው፤ በስምና በቃል ኃይል ለሚሠራ ይስማማል። ዓይንን የሚያታልለው ምትሃት ነው። እየተነበነበ የሚፈጸመው ድግምት፣ ሰውን ለመጉዳት የሚደረገው መተት፣ የወደፊቱን ለማወቅ የሚደረገው ጥንቆላ። የመጽሐፍ 5 ፈውስ ግን ከእነዚህ አንዱም ስላልሆነ «ኃይል» ብቻ ተባለ። ክንፍ ያለው እሳት የሚተፋው ፍጡር «ድራጎን» ነው፤ «ዘንዶ» ሲባል አንባቢው እግርና ክንፍ የሌለው እባብ ያያል። በመጽሐፍ 14 ያለው ግን በእርግጥ እግር የለውም፤ እዚያ ዘንዶ ተባለ፣ አማረበትም።

ሳምንት 10 እና 11፦ መጻፍ

እያንዳንዱ ከ600 እስከ 800 ቃል። ቅደም ተከተሉ፦ ቅጂው በነጻ ከተገኘ በመጀመሪያው መስመር ይገለጻል (ከ2009 ጀምሮ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን መመሪያም የሚጠየቅ ነው፤ ግርጌ ላይ መደበቅ አይገባም)። ከዚያ ዘውጉ፣ ርዝመቱ፣ ራሱን የቻለ ነው ወይስ ይቀጥላል። ከዚያ መጽሐፉ የገባው ቃል፤ ከዚያ የአተራረኩን ጣዕም የሚያሳይ አጭር ጥቅስ፤ ከዚያ የተሰበረበት ወይም የጸናበት ቦታ፤ በመጨረሻ ለማን።

ስለ ሴራው የሚነገረው ከመጀመሪያው ሩብ ብቻ ነው። ችግሩ አንዳንድ የጀርባ ሽፋን ራሱ ከዚያ ያልፋል፤ የመጽሐፍ 8 ሽፋን 60% ላይ የሚደርስ ሞት ይናገራል። እኛ አልደገምነውም፤ «የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነቡ ጀምሩ» የሚል አንድ መስመር ጨመርን። የመጽሐፍ 5 የ84% ምስጢርም አልተጻፈም። «በመሀል ሕጉ የተረሳ ሲመስላችሁ አታቋርጡ» ተባለ፤ ይህን ያህል ይበቃል።

ትርጉም የሆኑት ሦስቱ የተርጓሚው ስም በርዕሱ ሥር ገብቷል።

ሳምንት 12፦ ማጣራት

መጽሐፍ 1 እና መጽሐፍ 13 ግምገማ አልተጻፈላቸውም። መጽሐፍ 1ን ሁለት አንባቢ ጨርሰው ማስታወሻው ላይ ከስድስት ምልክት በላይ አልተገኘም፤ ክፉም ደግም የሚባል ነገር አልነበረውም። መጽሐፍ 13 የታተመበት ቀን ወደ ሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተዛወረ፤ ማስታወሻው ተቀምጧል።

የምንጭ ዓምዱ ሲቆጠር ከ12ቱ አምስቱ ከሎከስ ዝርዝር፣ ሦስቱ ከአሳታሚ ካታሎግ፣ ሁለቱ ከኤስፒኤፍቢኦ፣ ሁለቱ ደግሞ በጠቅላላ ልብ ወለድ ኮድ ሥር ከተገኙት አራቱ መካከል ናቸው። ያ አሰልቺ የጀርባ ጽሑፍ ንባብ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ከሁለት ቀን ወደ አራት ከፍ ብሏል። በስም ሰንጠረዡ «ኪርን» ተቆልፏል፤ የመጽሐፍ 11 ሁለተኛ ክፍል ታውጇልና በዚያም በዚሁ ፊደል ይጻፋል።